መቆሚያው ለብቻው ይሸጣል፦ ስለ መደበኛና ፕሪሚየም ጌም ማሽኖች የቀረበ ጥናት

የቤት ጌም ማሽን ሁለት ዝርያ አለው፤ መደበኛና ፕሪሚየም። መደበኛው ገዢ አቅሙን አይቶ የሚወስነው ነው። ፕሪሚየሙ ደግሞ መደበኛውን አንስቶ ሊከፍል ሲል ዓይኑ የሚያርፍበት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ስም፣ አንድ መልክ፣ አንድ ፕሮሰሰር አላቸው። ታዲያ የሚለያያቸው ምንድን ነው? ይህ ጥናት በዘርፉ የሚታየውን ክፍተት ለመሙላት የቀረበ ሲሆን፣ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ምድብ «ጎድሎ መሸጥ» ይባላል። ማይክሮሶፍት በ2005 ኤክስቦክስ 360ን ሲያወጣ «ኮር» የተባለውን በ299.99 ዶላር፣ ገበያው «ፕሪሚየም» ያለውን በ399.99 ዶላር አቀረበ። ኮር ሃርድ ዲስክ የለውም፤ ጆይስቲኩም ባለ ገመድ ነው። ጨዋታውን ካቆመበት መቀጠል የሚሻ ሰው ማስቀመጫውን ለብቻው ይገዛል። ባለ 20 ጊጋው ሃርድ ዲስክ 99.99 ዶላር ነበር። ስለዚህ ኮርን ገዝቶ ሃርድ ዲስክ የጨመረ ቆጣቢ በድምሩ 399.98 ዶላር አውጥቶ ከፕሪሚየሙ ገዢ አንድ ሳንቲም ያተርፋል። ገመዱም አብሮት ይኖራል።

ሁለተኛው ምድብ «ጌጥ» ነው። ሶኒ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ባለ 20 ጊጋውን በ499፣ ባለ 60ውን በ599 ዶላር አወጣ። ባለ 60ው ዋይፋይና የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ ነበረው። ከዚህም በላይ የሚያብረቀርቅ ብርማ ጠርዝ ነበረው። የባለ 20ው ጠርዝ ግን ጥቁር ነው። ለምን ጥቁር እንደለበሰ አልተገለጸም፤ ሆኖም በሰሜን አሜሪካ ስድስት ወር ሳይሞላው ከገበያ ወጣ።

ሦስተኛው ምድብ መቆሚያ ነው። የዘርፉ ጥልቅ ጥያቄ ያለው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል።

የመቆሚያ ታሪክ ከፍታውን ያየው በ2012፣ በኒንቴንዶው ዊ ዩ ዘመን ነው። መደበኛው ነጭ፣ ባለ 8 ጊጋና 299.99 ዶላር ነበር። ጥቁሩ፣ በአውሮፓ በይፋ «ፕሪሚየም» የተባለው፣ 32 ጊጋ ይዞ በ50 ዶላር ይበልጣል። ጭማሪው አንድ ጌምና ሦስት መቆሚያ ያስገኛል፤ አንዱ ማሽኑን ያቆማል፣ ሁለተኛው ባለ ስክሪኑን ጆይስቲክ ያቆማል፣ ሦስተኛው ያንኑ ጆይስቲክ ቻርጅ እያደረገ ያቆማል። ነጩን የገዛ ሰው ከ8 ጊጋው ለራሱ የሚተርፈው 3 ገደማ ብቻ ስለነበር፣ የሚያስጨንቀው ሌላ ጉዳይ ነበረው።

በፕሌይስቴሽን 5 የመቆሚያ ታሪክ በሦስት ዘመናት ይከፈላል።

ዘመነ ካቻቢቴ (2020)። መቆሚያው ከማሽኑ ጋር በነፃ ይመጣል፤ ቢተኛም ቢቆምም ያገለግላል። ማሽኑን ለማቆም መጀመሪያ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ክብ ክዳን ትነቀላለች። ክዳኗ እንዳትጠፋ መቆሚያው ውስጥ ማስቀመጫ ተዘጋጅቶላታል። ብሎኑም የሚወጣው ከዚያው ከመቆሚያው ሆድ ዕቃ ነው። ከዚያ ካቻቢቴ ይፈለጋል። ካቻቢቴው ጎረቤት ቤት ነው።

ዘመነ ጣት (2021)። ዲስክ የማይቀበለው «ዲጂታል» ዝርያ ሲታደስ ብሎኑ በእጅ የሚዞር ሆነ። ጎረቤት ተገላገለ።

ዘመነ ክፍያ (2023)። ማሽኑ ቀጠነ፤ መቆሚያውም ከካርቶኑ ወጥቶ ለብቻው 29.99 ዶላር ሆነ። በምትኩ ማሽኑን ለማስተኛት ሁለት ሚጢጢ የፕላስቲክ እግሮች ተቀመጡ። በዚህ ዘመን መተኛት በነፃ ነው፤ መቆም ያስከፍላል።

የዚህ ሁሉ ማሳረጊያ በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ነው። ሲወጣ ዋጋው 699.99 ዶላር ነበር፤ ማከማቻው 2 ቴራ ነው። ዲስክ ማጫወቻ ግን የለውም፤ እሱ ለብቻው 79.99 ነበር። ቀጥ ብሎ የሚቆምበትም የለውም። ፕሮውን ሲዲ አስገብቶ፣ አቁሞ ማየት የፈለገ ሰው ያኔ ታክስ ሳይቆጠር 809.97 ዶላር ያወጣ ነበር። ስለዚህ «ጎድሎ መሸጥ» የመደበኛው ብቻ ጠባይ ነው የሚለው የዚህ ጥናት የመጀመሪያ ምድብ እዚህ ላይ ፈርሷል። ምድቡን ማስተካከል ጥናቱን እንደ አዲስ መጻፍ ስለሚጠይቅ በዚሁ ታልፏል።

አዲስ አበባ ላይ ምርጫው መልኩን ይቀይራል። ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ ሲዲ የሚቀበለው 499.99 ዶላርና 4.5 ኪሎ፣ ዲጂታሉ 399.99 ዶላርና 3.9 ኪሎ ነበር። ከውጭ ለሚልከው ዘመድ መቶ ዶላርና ስድስት መቶ ግራም የሻንጣ ቦታ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት መደብር ኢትዮጵያን በይፋ አያስተናግድም፤ አካውንት የሚከፈተው በሌላ አገር ስም ነው። ሲዲ ግን ከሰፈር ሰፈር ይዞራል፣ ይዋሳል፣ ይለወጣል፣ ሲሰለች ይሸጣል። በዚህ ጉዳይ ያኔ ቨርጂንያ ካለው ዘመድ ጋር የሚደረገው የስልክ ውይይት ቅርጹ የታወቀ ነበር።

«አክስቴ፣ ሲዲ የሚያስገባው ነው የሚሻለኝ።»

«የማያስገባም አለ እንዴ?»

«አለ። በመቶ ዶላር ይረክሳል።»

«ታዲያ እሱ ምን አለው?»

«ምንም አይል። ጌሙ በኢንተርኔት በካርድ ነው የሚገዛው።»

«በማን ካርድ?»

ባለ ሲዲው ይገዛል።

ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ደግሞ ከላይ የተደረደረው ምደባ ሁሉ አይሠራም። ማሽኑ ቴሌቪዥኑ ሥር ተኝቷል፤ ሲሻውም ባለቤቱ በብረት ሳጥን ቆልፎበታል። ማንም ጊጋውን አይጠይቅም፤ ስለ መቆሚያም የሚያነሳ የለም። ከወንበሮቹ የሚታየው ኳስ ጨዋታ ብቻ ነው። ያም ሆኖ መደበኛና ፕሪሚየም እዚህም አሉ፤ ሁለቱ ጆይስቲኮች ናቸው። አንዱ የታዘዘውን ይሠራል። ሌላው ሳይነኩት ወደ ግራ ይሄዳል፣ ኳስ አቀብል ሲሉት ይቆያል፣ ከተቀበሉት በኋላ ደግሞ «ቀድሞም እንዲህ ነበር» ይባላል። ደህነኛው ቀድሞ ለደረሰ ነው፤ የተሸነፈ ሁሉ ሌላውን ይዞ እንደነበር ይናገራል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው።

ጥናቱ ከዚህ በኋላ የካርቶን ቀለማትንና የኬብል ርዝመትን በሁለት ምዕራፍ ለመዳሰስ አቅዶ ነበር። ሆኖም የአጥኚው ተራ ስለደረሰና ደህነኛው ጆይስቲክ ለጊዜው ባለቤት ስለሌለው ቀሪው ክፍል አልተጻፈም።