የጩኸት ሚዛን

የጩኸት ሚዛን የአንድን ዕቃ ጥንካሬ በተማረሩ ሰዎች ድምፅ ከፍታ የሚለካ ጥበብ ነው። እርሳስና ወረቀት አይፈልግም፤ ማካፈል አይጠይቅም፤ ጆሮ ይበቃዋል። በብዛት የሚሠራበት መኪና ሲገዛ ነው። ገዢው ዘመድ አዝማዱን ሲያማክር አንድ የአክስት ልጅ ብድግ ብሎ "እሷን መኪና እንዳትነካ! እኔን አራቁታኛለች" ይላል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ኮሮላውን 18 ዓመት የነዳው ጎረቤት አይጠየቅም። ቢጠየቅም "ደኅና ናት" ከማለት በቀር የሚያወራው የለውም። እኩለ ሌሊት ደውሎ "ዛሬም በአንድ ቁልፍ ተነሣች" ብሎ ያበሰረ ባለመኪና እስካሁን አልተሰማም።

የጥበቡ ሊቅ መካኒክ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የተበላሸ መኪና ሲያይ ስለሚውል የማያውቀው መኪና የለም፤ ካልተበላሹት በቀር። ጋራዡ ደጃፍ የቆሙት አብዛኞቹ ኮሮላና ቪትዝ ከሆኑ፣ ኮሮላና ቪትዝ በሽተኞች ናቸው። ከተማው በእነሱ የተሞላ መሆኑ ጥበቡን አይመለከተውም። ከ1000 መኪና 30ው ቢሰበሩ 30 እሮሮ ይሰማል፤ ከ5 መኪና 2ቱ ቢሰበሩ 2 ብቻ። እንግዲህ ሁለተኛዋ 15 እጥፍ ትጠነክራለች ማለት ነው። በዚሁ ስሌት ከሁሉ የምትበልጠው ማንም ገዝቷት የማያውቅ መኪና ናት፤ ክፉ የተናገረባት የለም።

ጥበቡ ለሻጭ ያለው ጥቅም ገና በቅጡ አልተነካም። ዕቃን የሚያስነቅፈው ብልሽቱ ሳይሆን አማራሪው ከሆነ፣ ሞተር ለማሻሻል መሐንዲስ መቅጠር ከንቱ ወጪ ነው፤ መሻሻል ያለበት ገዢው ነው። አስተዋይ አስመጪ በሩ ላይ ገዢ መራጭ ያቆማል። ደንበኛው ሲገባ መራጩ ሳያውቅ የረገጠ መስሎ እግሩን ይረግጠዋል። "ዓይንህ አያይም?" ያለ ይመለሳል። "ምንም አይደል፣ እኔ ነኝ እግሬን ያለ ቦታው ያስቀመጥኩት" ያለ ወደ ሁለተኛው ፈተና ያልፋል፤ ሦስት ሰዓት ያስጠብቁትና ዝንብ የገባችበት የቀዘቀዘ ሻይ ያቀርቡለታል። ዝንቧን በጣቱ አውጥቶ "ተመስገን" ብሎ የጠጣ ለመኪና ባለቤትነት ቀርቧል። የመጨረሻው ፈተና ዘመድ ነው። ማኅበር የሚጠጣ፣ ለቅሶ የማይቀር፣ የአክስት ልጅ የበዛለት ሰው የቱንም ያህል ታጋሽ ቢሆን አይሸጥለትም፤ አፉ ባይናገር ፊቱ ይናገራል። ተመራጩ ባሕታዊ ነው። እንዲህ የተሸጠች መኪና ፍሪሲዮኗ በሳምንቱ ቢቃጠል፣ ካምቢዮዋ በወሩ ቢወልቅ፣ መሪዋ ተነቅሎ በእጁ ቢቀር፣ ባለቤቷ "እንዴት ናት?" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግር መሄድም ለጤና ደግ ነው" ይላል። እንከን የለሽ! ፋብሪካው ከጊዜ በኋላ ሞተሩን ጭራሽ ሊተወው ይችላል።

ጥበቡ ከታላላቅ ድሎቹ አንዱን ያገኘው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የሲቢኤስ ቴሌቪዥን "ሲክስቲ ሚኒትስ" ፕሮግራም፣ አውዲ 5000 ፍሬን ተይዞ ሳለ በራሷ ትፈተለካለች የሚሉ ባለቤቶችን አቀረበ። ነዳጅ መስጫዋ ብቻውን ሲወርድ የታየችው መኪና ባለሙያ ካምቢዮዋ ውስጥ የታመቀ አየር ያስገባባት ነበረች፤ ለጥበቡ ይህ ጥቃቅን ነገር ነው። አቤቱታው ጎረፈ። በ1985 በአሜሪካ 74 ሺህ ገደማ የነበረው የአውዲ ሽያጭ በ1991 ወደ 12 ሺህ ገደማ ወረደ። የመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርምሮ በ1989 የደረሰበት ግን፣ በአብዛኛው ነጂዎቹ ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ መርገጣቸውን ነው። አደጋው እውነት ነበር፤ ድንጋጤውም እውነት ነበር። ሆኖም የደነገጠ ሰው የሚያውቀው የደረሰበትን ነው፤ ለምን እንደደረሰበት፣ ለስንቱ ደግሞ እንዳልደረሰ አያውቅም። በአንድ ሰው እሪታ በብዙ ሺህ መኪና ላይ የሚፈርድ ሰው ሰነፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ጥበቡን የሚያደናቅፉ አልጠፉም። በጀርመን መኪና 3 ዓመት ሲሞላት፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ መመርመሯ ግዴታ ስለሆነ አማራሪውም ዝምተኛውም እኩል ይሰለፋል፤ ከመርማሪዎቹ አንዱ የሆነው ቲዩፍም ከየሞዴሉ ስንት በመቶው ከባድ ጉድለት እንደተገኘበት በየዕድሜው ለይቶ በየዓመቱ ያወጣል። በ1936 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካው ኮንስዩመር ሪፖርትስ ለአባላቱ መጠይቅ ይልክና "ምንም አልተበላሸም" ያሉትንም ይቆጥራል። መሐንዲሶች ደግሞ ዕቃ በአዲስነቱና በእርጅናው ይበልጥ እንደሚሰበር ስለሚያውቁ ዕድሜውን ሳይጠይቁ አይፈርዱም።

የአዲስ አበባ ባለመኪናም ለቦሎ በየዓመቱ ይሰለፋል። እዚያ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን "ስንት ዓመት ነዳሃት? ስንቴ ጋራዥ ገባች?" ብሎ ለመጠየቅ ግማሽ ቀን ይበቃል። እርግጥ ሰልፈኛው ሁሉ ስለ ሰልፉ እያማረረ ስለሚሆን፣ ጠያቂው ጮክ ማለት ሊኖርበት ነው።