ባቡር ያልሄደበት የባቡር መንገድ

ቨርጂኒያ የሚኖር ወዳጅ ያለው ሰው ስለ እግር ጉዞ ሳይሰበክ አያድርም። የእኔው ደግሞ ባሰበት። እዚያ ፎልስ ቸርች ከተማን አቋርጦ የሚያልፍ የድሮ ባቡር መንገድ አለ፤ ባቡሩ በ1968 እ.ኤ.አ. ቆሞ፣ ሐዲዱ ተነሥቶ፣ ዛሬ 72 ኪሎ ሜትር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚንሸራሸርበት እሱ ነው። ታዲያ ወደ እኛ አገር መጥቶ መተማ አጠገብ ካለችው ገንዳ ውሃ ከተማ በገባ በማግስቱ፣ «ጫካ ለጫካ የሚሄድ፣ የድሮ ባቡር ቅሪት ያለበት ጸጥ ያለ መንገድ አታሳየኝም?» አለኝ።

ጫካውም ጸጥታውም ሞልቷል፤ የቸገረኝ ቅሪቱ ነው። ባቡር ቅሪት እንዲኖረው መጀመሪያ መምጣት አለበት።

አልታሰበም ለማለት ግን አይቻልም። ዐፄ ዮሐንስ እዚሁ መተማ ላይ የቆሰሉት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ መጋቢት 1 ቀን 1886፣ ምኒልክ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከዚያ እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ አድርጎ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ። ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰና ደከመው። እንግሊዞች ደግሞ በ1894ቱ የድንበር ውል ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በእኛ መሬት የማሳለፍ መብት አስገቡ፤ አንዲት ብሎን አልታሰረችም። በማዶ የመጣው የሱዳን ባቡርም ገዳሪፍ ሲደርስ ፊቱን ወደ ሰናር አዞረ፤ ከመተማ ማዶ ያለችውን ገላባትን ዞር ብሎም አላየ። በእኛ ዘመን ከወረታ በአዘዞ መተማ የሚል መስመር በእቅድ ካርታ ላይ ተሰምሯል። ካርታው ያምራል።

ይህን ሁሉ ብነግረውም አልሰማኝም። በጠዋት ወደ እጣኑ ደን ወጣን። በበጋ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ልጡ እንደ ወረቀት ስስ ስስ እያለ ይላጣል። እጣን አምራቹ ግንዱን በትንሽ መፋቂያ ፋቅ ሲያደርገው ነጭ ወተት ጠብ ጠብ ይልና ይደርቃል፤ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ቁስል ሰፋ ያደርገዋል። ወዳጄ ያልደረቀውን በጣቱ ነካ። ተጣበቀበትና ቀኑን ሙሉ ስልኩ አልታዘዝ አለው።

በመንገድ ያገኘነው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ምን ጠፋባችሁ?» በቆላ አህያ ሳይነዳ፣ ጆንያ ሳይሸከም፣ ጠብመንጃ ሳያነግት ጫካ የገባ ሰው ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ ራሱ ጠፍቷል። ወዳጄ ላንድ ከብት ጠባቂ አዛውንት «የባቡር ሐዲድ፣ አባባ» አላቸው። ከልባቸው አዘኑ።

«ብረት ከሆነማ ልጄ፣ ይሄን ጊዜ ሱዳን አሻግረውታል። አትልፉ።»

እናንተም ልትመጡ ካሰባችሁ ሚያዝያን አትሞክሩት፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላል። ሰላሙን ጠይቁ፣ ውሃ ያዙ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው አስከትሉ። ለጠያቂም አንድ የጠፋ በሬ አዘጋጁ፤ ቀለሙንና ቀንዱን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ አለዚያ አፋላጊው ሁሉ ጫካ ገብቶ ይውልላችኋል።