ሺህ ዋት ለአንድ ሳሎን

ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው የሰርግ ዕቃውን ሊቀይር ነው ሲሉኝ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ከሴቻ ሲቀላ ወርጄ ሁለት አሮጌ ስፒከሮች ገዛሁ። ሞንታርቦ ማለቴ የጣሊያኑን ፋብሪካ አይደለም። እኛ ዘንድ የሰርጉም፣ የጉባኤውም፣ የስብሰባውም ድምፅ ማጉያ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ሞንታርቦ ነው። ቁመታቸው ደረቴ ድረስ ይመጣል፤ ከላይ የጥሩምባ አፍ፣ ከታች የምጣድ ክዳን የሚያህል ክብ አላቸው። ባጃጁ ሁለቴ ተመላለሰ። ዳገቱን ስንወጣ ስፒከሩ ወንበሩን ያዘና እኔ ሾፌሩ ጎን በአንድ ጎኔ ተንጠለጠልኩ። ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችን።

“ፍሪጅ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር” ብላ ገባች።

ስፒከሮቹ ጀርባ ላይ “100 ዴሲቤል” የሚል ጽሑፍ አለ። እኔ ደግሞ ቁጥር ሲበዛ ጉልበት የሚጠይቅ የሚመስለኝ ሰው ነኝ። ለትልቅ በሬ ትልቅ ቀንበር ብዬ፣ ካርቶኑ ላይ 1,000 ዋት የተጻፈበት፣ ለሁለት የሚነሣ አምፕሊፋየር ገዛሁ። ዋትን እንደ ወጥ ነው የምናየው፤ ሲበዛ የጣፈጠ ይመስለናል።

ማታ የመሐሙድን ካሴት ከተትኩና ቮሊየሙን በጣቴ ጫፍ ነካ አደረግኩት። ምንም የለም። አንድ ፀጉር ያህል ጨመርኩ፤ የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። በዜሮና በሰርግ መካከል ሌላ ማቆሚያ የለውም። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን፣ የዶርዜው ሸማኔ አባባ፣ በዚያ የአርባ ምንጭ ሙቀት ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

“ልጄ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?”

አፍሬ ቮሊየሙን ጭራሽ ዘጋሁት። ዘፈኑ ቆመ፤ ነገር ግን ከጥሩምባው ሽሽሽ የሚል ድምፅ አላቋረጠም። ባለቤቴ ድስት ጥዳ የረሳች መስሏት ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

በማግስቱ ሲቀላ ያለ የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ ይዤ መጣሁ። ዘፈኑ እየተጫወተ፣ እኛም ለመነጋገር እየተጯጯህን፣ የቴስተሩን ሁለት ሽቦዎች ስፒከሩ ጀርባ ላይ አሳረፈ። መርፌዋ ትዘላለች፣ ግን 1 ቮልት አልፋ አትሄድም።

“ጋሼ፣ ስፒከሩ 8 ኦም ነው። አንድ ቮልት እዚህ ላይ የአንድ ዋት ስምንተኛ ነው። 999ኙ ሥራ ፈት ነው” አለኝ።

100 ዴሲቤል ማለት ለካ የጉልበት ጥያቄ ሳይሆን የቁጠባ ምስክር ወረቀት ኖሯል፤ በአንድ ዋት፣ አንድ ሜትር ላይ ቆመህ የምትሰማው ነው። ተራው የመደርደሪያ ስፒከር 86 ግድም ይሰጣል፤ ከእኔዎቹ እኩል ለመጮህ 25 ዋት ይፈልጋል። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የምታተርፈው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጥሩምባ ያለው ስፒከር ድሮ ለሲኒማ ቤት የተሠራውም ያን ጊዜ አምፕሊፋየሩ አቅመ ቢስ ስለነበረ ነው። ጥቂት ዋት ይዘህ አዳራሽ ሙላ ተብለህ ምን ታደርጋለህ? የእኔ ነገር ግን አንድ የሙዝ ችግኝ ለማጠጣት የኩልፎን ወንዝ ጠልፎ ጓሮ እንደማስገባት ነው። ሽሽሽ የሚለው ድምፅም የሚወለደው ከቮሊየሙ ወዲያ፣ ከራሱ ከአምፕሊፋየሩ ሆድ ነው። ደካማው ስፒከር ይውጠዋል፤ የእኔዎቹ ግን ሐሜት እንኳ አያመልጣቸውም።

ቀጥሎ የመጣብኝ ፈተና አምፖል በሚመስል ትዩብ የሚሠራ አምፕሊፋየር ነው። 300ቢ የሚባለው ትዩብ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ አንዱ 8 ዋት ያህል ይሰጣል፣ ለእኔም ይተርፋል። ነገር ግን በሁለቱ ጆሮ 16 ዋት ለማውጣት ከግድግዳው መቶ ዋት ግድም ጠጥቶ የቀረውን በሙቀት ይመልሰዋል። ቤቴ ብርዳሙ ጨንቻ ቢሆን እሳት ዳር እየሞቅኩ ዘፈን እሰማ ነበር። አርባ ምንጭ ላይ ግን ባለቤቴ “እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ” አለች።

ጠጋኙ ከአሮጌ ዴክ የወጣ 15 ዋት አምፕሊፋየር አመጣ። ድምፁን የሚያጎላበትን መጠን በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ሬዚስተር ነቅሎ ሌላ በየዳ። ሠካነው። ጆሮዬን ጥሩምባው ውስጥ ከተትኩ፤ ዝም። ቮሊየሙም አሁን ግማሽ ድረስ ይዞራል፣ ሰው የሚያዝበት ነገር ሆኗል።

አባባን ጠርቼ የዶርዜ ወንዶች ሲያዜሙ የተቀዳ ካሴት ከፈትኩላቸው። አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ከሥር ይቀበላል፣ ሌላው በመሐል ይሾልካል፤ ማንም የማንንም መንገድ አይረግጥም። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣

“ከኋላ ያለው፣ ሦስተኛው፣ ጉንፋን ይዞታል” አሉ።

ካሴቱን መለስኩት። እውነትም አፍንጫው ተዘግቷል።

ሺህ ዋቱን ስፒከሮቹን የሸጠልኝ ሰው ለሰርግ ተከራይቶ ወሰደው። ትናንት ደግሞ ደወለ።

“ጋሼ፣ አዲሶቹ ስፒከሮች ድምፃቸው አልወጣ አለ። እነዚያን አሮጌዎቹን ለቅዳሜ ብቻ…”