አንድ ሺህ ዶላር ያለው ሕፃን ይግባ

የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ሊመሰገኑ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1975 ማንም ያላየውን አደጋ ያዩት እነሱ ናቸው። ምሳ ዕቃውን ያንጠለጠለ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖረው ወደ አንደኛ ክፍል እየመጣ ነበር! ሕግ ወጣ፤ በሕጋዊ መንገድ ላልገባ ልጅ ግዛቲቱ ሳንቲም አታወጣም፣ ትምህርት ቤትም ቢሻው በሩን ይዝጋበት ተባለ።

የቴክሳሷ ታይለር ከተማ ትምህርት ቤቶች ግን ርኅራኄ አላቸው። በ1977 በዓመት አንድ ሺህ ዶላር የከፈለ ይማር አሉ። እንግዲህ ጥበቡን ልብ በሉ፤ አገር የሚያጠፋው ልጅ አባቱ ብሩን ቆጥሮ ሲያስረክብ ወዲያው ምስጉን ተማሪ ይሆናል። በከተማዋ የጽጌረዳ ማሳ ሲያጎነብስ የሚውለውን አባትማ ወረቀት አለህ ወይ ያለው የለም። ጽጌረዳ ወረቀት አይጠይቅም።

«ግብር ሳይከፍሉ ይማራሉ» የሚለው ክርክርም ድንቅ ነው። ቴክሳስ የደመወዝ ግብር የላትም። የትምህርት ቤቶቿ ዋነኛ ገቢ የቤትና የመሬት ግብር ነው፤ እሱን ደግሞ አከራዩ ኪራዩ ላይ ደምሮ ይቀበላል። ወረቀት ከሌለው ተከራይ የመጣ ነው ተብሎ የተመለሰ ኪራይ ግን እስካሁን አልሰማንም።

ውለታ የማያውቁት ወላጆች ከሰሱ። ዳኛ ዊልያም ዌይን ጀስቲስ ወላጆቹ ሰው ዓይን እንዳይገቡ ብለው ችሎቱን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሰየሙ። አንዳንዶቹ ከችሎቱ ወደ ድንበር እንባረራለን ብለው ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭነው መጡ። ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት እንዲህ ያለ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ጉዳዩ በይግባኝ ወጥቶ በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻረ። ዳኛ ብሬናን ልጅ በወላጁ ሥራ አይቀጣም ብለው ጻፉ። የተቃወሙት አራቱ ዳኞችም ጨካኞች አልነበሩም፤ ልጅን ሳያስተምሩ ማሳደግ ሞኝነት መሆኑን አልካዱም። ሕገ መንግሥቱ ሞኝነትን አይከለክልም ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው ረቀቀ። አላባማ በ2011 ልጅ ሲመዘገብ ወረቀቱ ይጠየቅ ብላ ደነገገች፤ ለመረጃ ያህል ብቻ፣ ማንንም ለማስፈራራት አይደለም! ልጆቹ የስታቲስቲክስ ፍቅር ስላልገባቸው ከክፍል ቀሩ። በ2025 ደግሞ የቴነሲ ሴኔት ወረቀት የሌለው ልጅ እንዲከለከል ወይም እንዲከፍል የሚፈቅድ ረቂቅ አሳለፈ። ከእኛ ከስደተኞችም መካከል ጥገኝነት ጠይቆ ዓመታት የተንከራተተ፣ ወረቀቱ በወጣለት ማግስት «አበዙት እኮ!» የሚል አይጠፋም። እሱንም እናመስግን።

ያኔ በታይለር የተከሰሱት የትምህርት ኃላፊ ጄምስ ፕላይለር ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ክርክር ተጠይቀው ነበር። በመሸነፋቸው ደስ እንዳላቸው ተናገሩ።