ዲም ማለፊያ ነው

እኛ ሰፈር፣ ዓለም ባንክ፣ ሰው ኢንጂነር የሚሆነው ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ዕለት ነው። ልጁ ብርድ ልብሱን ሳይጠቀልል ማዕረጉ ቀድሞት ይደርሳል። ባለሱቋ «ኢንጂነር፣ መልስህን ረሳህ!» ትለዋለች፤ እናቱ «የኔ ኢንጂነር» እያለች በሶ ትቋጥርለታለች። እኔም አላነስኩ፣ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምጣዴን ተሸክሜ በራቸው ላይ ተገኘሁ። ልጁ አገላብጦ አየው። «እትዬ፣ እኔ እኮ የምመርጠው ሲቪል ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ዓመት ቀረህ?»

ለሴሚስተር ዕረፍት ሲመጣ ቡና ተፈላና ተሰበሰብን። ግሬዱን ሲናገር ድምፁ አፕላይድ ዋን የሚባለው የሂሳብ ኮርስ ላይ ደርሶ ቀነሰ። «ዲ» አለ። እናቱ «ዲ ምንድን ነው?» ብትለው «ማለፊያ ነው» አላት። ከአራት አንድ ነጥብ ማለት ነው። ሴትዮዋ እኛ አቦሉን ብቻ ጠጥተን ብንነሣ «ሳትባረኩ የት ልትሄዱ!» ብላ ቀሚሳችንን ነው የምትይዘው፤ ከአራት አንዱን ይዞ ለመጣው ልጇ ግን እልል አለች። እልልታውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

ዲ ግን ብድር ናት። ስታቲክስን እንደምንም አለፈ፤ ዳይናሚክስ ላይ መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ዴሪቬቲቭ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ልጁ «ይቺን የማውቃት ይመስለኛል» አለ፤ የት እንደተዋወቁ ነው የጠፋው። ስለ ወለድ ለዓለም ባንክ ልጅ የሚነግረው አጥቶ!

በአፕላይድ ዋን ኤ ያላት የማዶዋ ልጅም ብትሆን ታሪኳን ነግራኛለች። የድሮ ፈተና ሰብስባ ሸመደደች፤ መምህሩ ቁጥሩን እንኳ ሳይቀይር አወጣው። ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ የገባች ዕለት ሌላ መምህር ጠበቃት። በተቃራኒው አንዱ በአፕላይድ ዋን ኤፍ አግኝቶ፣ ሰፈሩ «ተባረረ» ብሎ አውርቶበት፣ ደግሞ ተማረው። ዛሬ እሷን የሚያስጠናት እሱ ነው። «ተባረረ» የሚለውን ወሬ ለሰፈሩ ያዳረሰችው ማን እንደሆነች አልናገርም።

ባለፈው ከሜክሲኮ ስንመጣ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ተማሪዎች ያወራሉ። «አፕላይድ ዋንን ረስቼ ነው ቱን የወሰድኩት፤ ቱን ረስቼ ነው ስሪን» ይላል አንዱ፣ እንደ ጀግንነት። ረዳቱ ሳንቲም እየቆጠረ ዞር አለ፤ «ወንድሜ፣ እኛ ጦር ኃይሎችን ሳናልፍ ዓለም ባንክ ደርሰን አናውቅም።»

አገሩስ ከኛ ሰፈር በምን ይለያል? ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ፤ ኢንጂነሪንጉ እስኪያጣብብ ሞላ። ቀርቶ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ተመለሰ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመቶ 3.3ቱ ብቻ ግማሹን ሲያመጡ «የዘንድሮ ልጆች!» ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። ልጆቹ ክፍልፋይ የተማሩት ግን በዚያ ዓመት አልነበረም። ክፍልፋይ ሲያቅታቸው «ይለፍ፣ ሲያድግ ይገባዋል» ብለን ለአስተማሪው የለመንነው እኛው ነን።

እኔማ ምን አፍ አለኝ? አካውንቲንግ ስማር የመጀመሪያውን ኮርስ በሲ ማይነስ አልፌ «ተገላገልኩ» ብዬ ደብተሬን ለቆሎ መጠቅለያ ሰጥቻለሁ። አሁን የሰፈሩ ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። ሂሳቡ አልገጥም ሲለኝ ከኪሴ እሞላለሁ።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠሩ ቤቶች ነው ይባላል። ዝቅ ያሉ፣ ለልካቸው የተመሠረቱ ቤቶች። የኢንጂነራችን አባት ግን በዚያው መሠረት ላይ ሁለት ፎቅ ልጨምር ብለው ተነሡ። ፎርማኑ «ጋሼ፣ መሠረቱ አይችልም» ቢላቸው «መሠረቱን ማን ያየዋል?» ብለው አንደኛውን አስጀመሩ። ስንጥቅ ሲታይ ልጃቸውን ጠሩት። ሦስተኛ ዓመት ደርሷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ደብተር አውጥቶ የቢሙን ስሌት ጀመረ። ጭነቱን ኢንቴግሬት ማድረግ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ከብዙ ዝምታ በኋላ «አባዬ፣ መድገም ይሻላል» አለ።

አባትዬው ደንግጠው «ቤቱን?» አሉ።

«አፕላይድ ዋንን።»

ሁለተኛው ፎቅ እስካሁን አልተጀመረም። ብረቱ ወደ ሰማይ እንደቆመ ነው፤ ገመድ አስረን ልብስ እናሰጣበታለን።