ዘፋኙ ሲመጣ ቀስቅሱኝ

ዝነኛ ሰው ምን እንደሚመስል ለአሰላ ሰው ማንም አያስተምረውም። ኃይሌ ገብረሥላሴ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ አድጎ፣ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነም በኋላ ግራ እጁ ያንን ደብተር እንዳቀፈ ቀረ። ወደ በቆጂ ከፍ ካልን ደራርቱ አለች፣ ቀነኒሳ አለ፣ ጥሩነሽ አለች። በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ቴርጋት ዓይን እስኪጨፈን እንኳ በማትሞላ ጊዜ ዘገየና የብር ሜዳሊያ ይዞ አገሩ ገባ። እኛ ጋ መዘግየት ዋጋው ይኸው ነው። ዘፋኝ ግን ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ሲመጣ በፉጨትና በእልልታ ይቀበሉታል!

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ኮንሰርት ይዛኝ ሄዳ ነው ሆዴ የቆሰለው። «አካኮ፣ ሙዚቃ እወዳለሁ ይሉ የለ እንዴ?» አለችኝ። እወዳለሁ። ማስታወቂያው 11 ሰዓት ይላልና ከ11 በፊት በሩ ላይ ተገኘሁ። ጥበቃው ኪሴን በረበረና ከዘራዬን ተቀበለኝ። «አባት፣ ዱላ አይገባም።» እናቶቻችን የሲንቄ በትር ይዘው ወጥተው ጠብ በሚያበርዱበት አገር የሽማግሌ ምርኩዝ መሣሪያ ሆነ። ወንበር ብጠይቅ ወንበር ያለው ለቪአይፒ ብቻ ነው ተባልኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከጭላሎ የሚወርደውን ብርድ የአሰላ ሰው ያውቀዋል፤ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበህም አይመለስም። ዘፋኙ እስኪመጣ ጉልበቴ ደነዘዘ። የመጣው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ማታ ማታ ጥቁር መነጽር አድርጎ ነው። እኔ ቀን እንኳ በመነጽር አላይም፣ እሱ ሌሊት በጥቁር መነጽር ያያል።

መድረኩን ባየው አንድ ኪቦርድ አለ፣ አንድ ላፕቶፕ አለ፣ ሌላ የለም። «ሙዚቀኞቹስ?» ብላት «እዚያው ውስጥ ናቸው» አለችኝ። ሰው ሁሉ ላፕቶፕ ውስጥ ገብቶ አለቀ ማለት ነው። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲጫወት እኮ መለከቱ፣ ትሮምቦኑ፣ ሳክስፎኑ ተደርድሮ፣ ዘፋኙ ከረባቱን አስሮ፣ ወታደራዊ ሥርዓት ነበረው። ጥላሁን ገሠሠ ከዚያ ቤት ነው የወጣው። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈና የክቡር ዘበኛ ሰው ሲታሰር እሱም ታስሯል። ዘፋኝ ለመሆን ያኔ ደረትም ያስፈልግ ነበር።

ማሕሙድ አሕመድን ተመልከቱ። ሊስትሮ ነበር። በኋላ አሪዞና የሚባል የአዲስ አበባ ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት ዘፋኝ ቀረና «እኔ ልሞክር» ብሎ ወጣ። በዚያው ክቡር ዘበኛ ገባ። ያኔ ዘፋኝ ሲቀር ማሕሙድ ተገኘ። ዛሬ ዘፋኝ ቢቀር ማን ያውቃል? ላፕቶፑ ብቻውን ዘፍኖ ይጨርሳል። እንዲያውም በዚያ ኮንሰርት ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር ድምፁ ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ማሕሙድ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ስንብቱን ማድረጉ ለባለቤቴ የጠብ ምክንያት ሆናት። «እሱ ከ80 አልፎ ቆሞ ዘፈነ፣ አንተ ቆመህ መስማት አቃተህ?» አለችኝ። እሱ ወንበር ቢያምረው አሥር ሰው ተሸክሞ ያመጣለታል፣ እኔ ከዘራዬን እንኳ ተቀምቻለሁ ብላት አልሰማችም።

«እናንተስ በጊዜያችሁ እስኪነጋ ትጨፍሩ የለ?» ይሉኛል ወጣቶቹ። እንጨፍር ነበር፣ ልክ ናቸው። ግን በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። ከመሸ ወደ ቤት መመለስ ስለማይቻል አንዴ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው። ሮሃ ባንድ ሲጫወት አብረን ነጋብን፤ ወታደር አስገድዶን እንጂ ፈልገን አልነበረም። ዛሬ ማንም ሳይከለክላቸው ሌሊቱን ብርድ ላይ የሚቆሙትን ነው የማይገባኝ።

ለዘፋኝ ያለን ፍቅርም ሌላ ነበር። ጥላሁን ያረፈው በፋሲካ ዕለት ነው፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001። ያን ያህል ጊዜ ጾመን፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ቤቱ በቄጤማ ተጎዝጉዞ ወሬው ደረሰ። ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ጎረቤት ለእንኳን አደረሳችሁ የመጣው ለቅሶ ደራሽ ሆኖ ቁጭ አለ። ዶሮ ወጡን ማንም አልነካውም። (እኔ በኋላ ትንሽ ነካክቻለሁ፣ ሰው እንዳያይ።) ቀብሩ ላይ አዲስ አበባ በሰው ተጥለቀለቀች፤ እኛ አሰላ ላይ በቴሌቪዥን አለቀስን። እንዲህ ያለቀስንለት ሰው ቁርስ ምን እንደሚበላ አናውቅም ነበር። አንጠይቅም፤ ሸክላውን እንሰማለን፣ አበቃ።

አሁን ተገላቢጦሽ ነው። ሚኒሶታ ያለው ልጄ ለፋሲካ ቴክስት ይልካል፣ ለኮንሰርት ግን በቪዲዮ ይደውላል። ሰኔ መጨረሻ ላይ እዚያ አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ሲደርስ ቀን ኳስ ነው፣ ማታ ዘፈን። እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ጠዋት ነውና ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኩ ይጮሃል። «አባዬ፣ ይሰማዎታል?» የሚታየኝ የጣሪያ መብራትና የሰው ጭንቅላት ነው። «ይሰማኛል ልጄ፣ ጆሮዬ ነው የጠፋው» እላለሁ። ደመወዝ የተቀበለ ቀን ግን አንድ ጊዜ እንኳ በቪዲዮ አልደወለም።

የልጅ ልጄ ደግሞ ሰሞኑን ራት አልበላም ብላ አለቀሰች። ሰው የሞተ መስሎኝ ጋቢዬን አነሳሁ። ለካ አንድ ዘፋኝ ከሚስቱ ተለያይቶ ነው። ሚስቲቱ መቼ እንደተወለደች፣ የት እንደተጫጩ፣ ማን ማንን በስልክ እንዳገደ፣ ሁሉንም ዘረዘረችልኝ። እስቲ ሰባት ቤት ቁጠሪ ብላት ሦስተኛው ላይ ቆመች። የዘፋኙን ትዳር ግን ከሽምግልናው ጀምራ እስከ ፍቺው ታወርዳለች። ዘፈኑንስ? «ዘፈኑን ብዙም አልሰማሁትም» አለች።

እኔ በዚህ ሰፈር ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። ድስት ተወራውሮባቸው የታረቁ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ አሉ። «እንግዲያው እነዚህንም ልጆች ጥሩልኝና ልያቸው» አልኩ። ባለቤቴ ሳቀች፣ የልጅ ልጄ ግን እንባዋን ጠርጋ ስልኳን አወጣች። «አካኮ፣ ልጻፍላቸው?»

ጻፊ አልኳት። ሽማግሌው ከአሰላ ይመጣል በያቸው። ትራንስፖርት በእነሱ ነው፣ ወንበር ይኑር፣ ከዘራዬ እንዳይነካ። ቀጠሮው 3 ሰዓት ከሆነ 3 ሰዓት ነው። ዘፋኙ ካረፈደ ከሚስቱ ጋር እወግናለሁ።