እስስትና እርጥበቷ

እስስት ከሳህን ውሃ መጠጣት አታውቅበትም። ንጹሕ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ከፊቷ ቢቀመጥላት፣ ብዙውን ጊዜ ውሃ መሆኑን ሳትረዳ አጠገቡ ሆና ትጠማለች። እሷ ውሃ የምትለው ጠብታን ነው፤ ማለዳ ጤዛ ቅጠል ላይ የሚተወውን፣ ካፊያ ሲያባራ ከቅጠል ጫፍ ተንጠልጥሎ የሚያብረቀርቀውን። በዚያ ላይ በተነፈሰች ቁጥር ከሰውነቷ ጥቂት ውሃ ይወጣል፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ ብዙ፣ እርጥብ ከሆነ ትንሽ። እስስትን በሽቦ ቤት የሚያኖር ሰው እንግዲህ ውሃ የሚያቀርብላት በቅጠልና በአየር በኩል ነው። የቤቷ እርጥበት ተስተካከለ ማለት መጠጧ ተሰናዳ ማለት ነው።

እርጥበት ሲባል አየሩ የያዘው የውሃ ተን፣ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ የሚነገረው ነው። ሞቃት አየር ብዙ ተን ይችላል፤ ቀዝቃዛው ቶሎ ይሞላል። 25 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 23 ግራም ያህል ተን ሲይዝ፣ 15 ዲግሪ ላይ 13 ግራም ገደማ ሲደርስ ይበቃዋል። ስለዚህ ቀን 25 ዲግሪ ላይ 50 በመቶ የነበረ አየር አንዲት ጠብታ ሳይጨመርበት ሌሊት 15 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 90 በመቶ ይወጣል። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ይህ ስሌት ቀላል ቢመስልም የእስስት ባለቤቶችን ገንዘብ የሚያስወጣው ግማሹ ስህተት የሚመነጨው እሱን ካለማስተዋል ነው።

ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ መርሳ አለች፤ ከፍታዋ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። በመካከላቸው ስሪንቃ አለ፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉ 1,850 ሜትር ላይ ተቀምጦ ሙቀቱንና ዝናቡን ይመዘግባል። ተመራማሪዎቹ ያሰቡት ለማሽላ ነው እንጂ ለእስስት አይደለም፤ መዝገቡ ግን ለሁለቱም ያገለግላል። አካባቢው ዝናብ የሚያገኘው በሁለት ወቅት ነው፤ በልግ መጥቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ሰኔ ላይ ሰማዩ ደርቆ ይቆያል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የቀረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወርዱታል። የመርሳ ማንጎ የሚያበቅል ሙቀት ቀን ላይ አየሩን ያደርቃል፤ የወልድያ ሌሊት ደግሞ ያንኑ አየር መልሶ ያረጥበዋል። ቀን ደረቅ፣ ሌሊት እርጥብ መሆን ነው እንግዲህ የአገሩ ጠባይ። ለእስስት ከዚህ የተሻለ ባለሙያ ቢቀጠርም አያመጣላትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። በአገር ቤት የምትገኘው እስስት የዱር እንስሳ ናት። የኢትዮጵያ ደጋ እስስት በጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል እ.ኤ.አ. በ1845 በሳይንስ ስም ተመዝግባለች፤ እንቁላል እንደሚጥሉት ዘመዶቿ ሳትሆን ልጆቿን ሕይወት ያላቸው ሆነው የምትወልድ ናት፤ ለደጋ ብርድ እንቁላል አደራ ከመስጠት በሆድ ይዞ ፀሐይ መሞቅ እንደሚሻል የተረዳች ትመስላለች። ከባሌ ተራሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ የእስስት ዝርያ ታውቋል። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ይከለክላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት ሳይትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም እስስትን ከአገር አገር ማዘዋወርን በፈቃድ ብቻ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ የመርሳ ልጅ ከአጥር ላይ ያገኛትን እስስት በእንጨት አንጠልጥሎ ቤት ሲያስገባ፣ አያቱ «ኧረ በአላህ፣ ይችን ነገር አርቅልኝ!» ብለው መጮሃቸው ከሕጉ ጋር ይስማማል። ልጁ «አብሽሪ እማማ፣ መርዝ የላትም» ማለቱም ትክክል ነው፤ ብትነክስ ትቆነጥጥ ይሆናል እንጂ መርዝ የላትም። ልጁ ሊያደርግላት የሚችለው ትልቁ ውለታ አጥሩ ላይ መልሶ፣ ረፋድ ላይ ጥቂት ውሃ ቅጠሉ ላይ ረጭቶ ስትልስ ቆሞ ማየት ነው።

በዓለም ላይ በብዛት በቤት የምትረባው ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣችው የየመን እስስት ናት። ራሷ ላይ እንደ ቆብ የቆመ አጥንት አላት፤ ኑሮዋም ከባሕር የሚነሣ ጉም ሌሊት በሚያርፍበት ተዳፋት ላይ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ የሚኖር የወልድያ ልጅ ልጆቹ ለምነውት ከሱቅ ገዝቶ የሚያስገባት እሷን ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ልክ፣ በውጭ አገርም ሆነ በፈቃድ በአገር ቤት ለሚያኖራት ሰው፣ ለእሷ የተሰፋ ነው፤ ለሌሎች ዝርያዎች ቁጥሩ ይለወጣል፣ መሠረቱ ግን አይለወጥም።

ቀን ላይ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይበቃታል። ሌሊት ከ75 በመቶ በላይ፣ እንዲያውም እስከ 100 ቢደርስ ደስ ይላታል፤ ይህ ግን ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ብቻ ነው። ሙቀትና ከፍተኛ እርጥበት አንድ ላይ ሆነው አየሩ ከታፈነ ባክቴሪያና ሻጋታ ይፈላሉ፣ ሳንባዋም ይታመማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም ከክፋት ሳይሆን ከደግነት ይመጣል። የወሎ ሰው እንግዳ ሲቀበል «በሞቴ» ሳይል አይለቅም፤ እንግዳው ጠገብኩ ቢልም አንድ ጉርሻ ይጨመርለታል። ይህ ልማድ ወደ እስስት ቤት ሲሻገር ባለቤቱ መርጫውን ይዞ ጠዋት ይረጫል፣ ከምሳ በኋላ ይረጫል፣ ከሥራ ሲመለስ ፊቷ የተከፋ መስሎት ይረጫል። የእስስት ፊት ግን ሁልጊዜም የተከፋ ነው፤ ተፈጥሮዋ ነው። ቤቷ ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ይውላል፣ ከሥሩ ያለው አፈር ይሸታል፣ እንግዳዋም በግብዣ ብዛት ትታመማለች። እስስት አልጠጣም ማለቷን የምትገልጸው ዓይኗን ጨፍና ፊቷን በማዞር ነው፤ በሞቴ አይገባትም። ከሁለት ርጭት መካከል ሁሉም ነገር ጠፈፍ ብሎ መድረቅ አለበት።

ቤቷን በተመለከተ አራቱም ጎኑ አየር የሚያስተላልፍ ቢሆን ይመረጣል። በአናጺ የእንጨት ፍሬም አሠርቶ የወንፊት ሽቦ ማስለበስ ይቻላል። የአጎበር ጨርቅ ርካሽ ነው፤ ጥፍሯ ግን ስለሚይዘው ትሰቀልበታለች፣ ምግብ ሊሆን የገባ ፌንጣም በልቶት ይወጣል፤ ያን ጊዜ ፌንጣው መኝታ ቤት፣ ባለቤቱ አልጋ ሥር ይገኛሉ። መስታወት እርጥበት ይይዛል፤ በጣም ይይዛል፤ ለብርድ አገር ደረቅ ቤት ከላይና ከታች አየር መውጫ ኖሮት ይጠቅማል፣ ለመርሳ ሙቀት ግን ምድጃ ነው። ውስጡ እውነተኛ ተክል ይገባበታል። ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆነችው በየቢሮው በማሰሮ የምትቆመው ፊከስ ትበቃለች፤ ቅጠል ራሱ ተን ስለሚያወጣ ከብዙ ማሽን ይሻላል።

የሚቀመጥበት ቦታም ይቆጠራል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ የሌለው ክፍል ቀን እንደ ጉድ ይግላል፣ እርጥበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። የጭቃ ግድግዳ ረጋ ያለ ነው። ቡና የሚፈላበት ክፍል አይሆንም። የጀበናው እንፋሎት የሚጨምረው እርጥበት ኢምንት ነው፤ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ግን ለሳንባዋ ከባድ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪወርዱ ድረስ እሷ ሌላ ክፍል ትቆይ።

እርጥበትን በቆዳ ገምቶ መናገር አይቻልም፤ ቆዳ የሚያውቀው መሞቁንና መብረዱን ነው። መለኪያ ያስፈልጋል። ርካሹ ዲጂታል መለኪያ ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በነጥብ አስልቶ በሙሉ ልብ መዋሸቱ ነው። የሚያጋልጠው ጨው ነው። የወጥ ጨው በጠርሙስ ክዳን ይደረግና፣ ሳይሟሟ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨመርበታል። ክዳኑና መለኪያው ሳይነካኩ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ አንድ ላይ ይታሸጋሉ፤ ያድራሉ። በክፍል ሙቀት እርጥብ ጨው በዙሪያው ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ጠዋት መለኪያው 68 ካለ ሰባት እየደመሩ ማንበብ፣ 50 ካለ ለሌላ ሰው መስጠት ነው። በአሞሌነቱ ዘመን ገንዘብ ሆኖ ሲመዘን የኖረው የአፋር ጨው እዚህ ላይ ራሱ መዛኝ ይሆናል። መለኪያው የሚሰቀለው ከቤቷ መሐል ቁመት ላይ፣ ከአምፖሉም ከረጠበውም ቅጠል ራቅ ተደርጎ ነው። ርጭቱ ያረፈበት መለኪያ 99 ይላል፤ 99 ያለው ስለ ራሱ ነው።

ለመርጨት የፀጉር አስተካካዮች ጠርሙስ ይበቃል፤ አዲስ ይሁን እንጂ። ፈጽሞ የማይሆነው የሽንኩርትና የማሽላ ተባይ ማጥፊያ የተረጨበት፣ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ነው። ሀብሩን በመሰለ የእርሻ አገር በየቤቱ ማዕዘን ተሰቅሎ ስለሚገኝ ፈተናው እውነተኛ ነው፤ ሦስቴ ቢታጠብም መድኃኒቱ ከጎማው ውስጥ አይወጣም። ርጭቱ የሚደረገው ጎህ ሲቀድ ሙቀቱ ሳይነሣና ማታ ሲመሽ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ነው። እስስቷ ላይ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ ይረጫል። ለመጠጣት ጊዜ ትወስዳለች፤ መጀመሪያ አንድ ዓይኗን ወደ ጠብታው፣ ሌላውን ወደ ባለቤቱ ታዞራለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ በዝግታ ትልሳለች። ቆሞ የሚያፈጥባት ሰው ካለ ትተወዋለች። በማንቆርቆሪያ ነጭ ድድር የሚያስቀር ውሃ ቅጠሉንም ያነጣዋል፤ ተጣርቶ ወይም ዝናብ ተጠራቅሞ ቢረጭ ይሻላል።

ሌሊት ጉም የሚያመነጩ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አሉ። መብራት እስካለ ድረስ ግሩም ናቸው። መብራት በሌለበት ሌሊት እንስራ አለ፤ ውሃ የተሞላ የሸክላ እንስራ ላቡን እያወጣ ክፍሉን ያበርዳል፣ ያረጥባልም፣ ቆጣሪም የለው። የረጠበ ጆንያ ከቤቷ በአንድ በኩል ማንጠልጠልም ይረዳል፤ ሲነጋ ግን ተነሥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ካልሆነ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል። መስኮት በልኩ ከፍቶ የወልድያን ሌሊት ማስገባት ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ የማይሠራው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያን ጊዜ አየሩ ቀንም ሌሊትም ስለሚረጥብ መርጫው ቁም ሣጥን ይገባል፤ ሥራው ማርጠብ መሆኑ ቀርቶ ማናፈስ ይሆናል። በውጭ አገር ክረምት ጣጣው ተቃራኒ ነው፤ ማሞቂያው ከተለኮሰ በኋላ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች ስለሚወርድ፣ የቤቷን ሦስት ጎን በላስቲክ ሸፍኖ ጉሙን እንዳያመልጥ ማድረግ ግድ ነው።

ልኩ መገኘቱን የምትነግረው እስስቷ ናት፤ በቀለሟ ግን አይደለም። ቀለሟን የሚለውጡት ስሜቷ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ናቸው። የተቀመጠችበትን ነገር ትመስላለች መባሉም ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ቆዳዋ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ብርሃኑ ተለውጦ ይመለሳል። ቀለም አይቶ «ተጠምታለች» የሚል ሰው ይገምታል እንጂ አያውቅም። የሚታየው ኩሷ ነው። ከጥቁሩ ጋር የሚወጣው ሽንት ደረቅ ክፍል አለው፤ ነጭ ከሆነ ደህና ናት፣ እንደ ብርቱካን ቢጫ ከሆነ ውሃ ጎድሏታል። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ከሰረጎዱ ነገሩ ብሷል። ቆዳዋን ስትገፍ በቁርጥራጭ ይወድቃል፤ ጣቷ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ሌሊቱ ደርቆባታል ማለት ነው፣ ካልተነሣላትም ደም ያግዳል። ሙቀት ሳይኖር አፏን ከፍታ አንገቷን ወደ ላይ ካነሣች፣ ስትተነፍስ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ሳንባዋ ተነክቷል፤ ይህ ርጭትን በመቀነስ ብቻ የሚድን ስላልሆነ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል።

የጉም ማሽኑ ውሃ በየቀኑ ይቀየራል፤ ታንኩና ቱቦው ቢያንስ በሳምንት አንዴ በኮምጣጤ ታጥበው፣ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቀው ይደርቃሉ። ካልታጠቡ ቱቦው ውስጥ የሚያድገው አተላ ከጉሙ ጋር ተነሥቶ ሳንባዋ ይገባል። ለመርጫው ጠርሙስም እንዲሁ ነው፤ በላዩ «የእስስት» ተብሎ ይጻፍበት፣ የቤቱ ጎረምሳ ለቅዳሜ ገበያ ፀጉሩን እንዳያበጥርበት።